በሊኑክስ ላይ ቼዝ ለመጫወትና ለማጥናት፦ ትክክለኛውን ሶፍትዌር እንዴት እንምረጥ?

ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ የተሻገሩ የቼዝ አፍቃሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ «የለመድኩትን የቼዝ ፕሮግራም የሚተካ ምን አለ?» ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ መልሱ ቅር ያሰኛል። መጫወቻውን፣ አሳቢውንና የጨዋታ ማከማቻውን በአንድ ጥቅል አድርጎ የሚሸጥ የንግድ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ እምብዛም የለም። ያለው አሠራር ሌላ ነው። ሦስቱ ተለያይተው የተሠሩ ናቸው፤ መርጦ የሚያገናኛቸውም ተጠቃሚው ራሱ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ምርጫው ይቀልለታል። ያለ ክፍያ የሚያገኘው ኢንጂንም ታላላቅ ግራንድማስተሮች ለውድድር ሲዘጋጁ የሚጠቀሙበት ያው ነው።

ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥበት ወይም የዳታ ወጪው ለሚያሳስበው አንባቢ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ አንዴ ከተጫኑ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ ዕድሜው በገፋ ላፕቶፕ ላይም ይሠራሉ። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይከተሉ።

፩. ሦስቱን ክፍሎች ይለዩ

ሰሌዳው በስክሪኑ ላይ የሚያዩት ነው። ጠጠሮቹን ያሳያል፣ እርምጃዎን ይቀበላል፣ ሰዓቱን ይቆጥራል፣ ጨዋታውን ያስቀምጣል። ራሱ ግን አያስብም።

ኢንጂኑ የሚያስበው ክፍል ነው። የራሱ መስኮትም ሥዕልም የለውም። ብዙ ጀማሪዎች «ስቶክፊሽን ጫንኩት፣ ግን አይከፈትም» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ኢንጂኑ በትክክል ተጭኗል፣ የጎደለው የሚያሳየው ሰሌዳ ነው።

መዝገቡ የተጫወቱ ጨዋታዎች ስብስብ ነው። ፒጂኤን የተባለው የፋይል ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በስቲቨን ኤድዋርድስ የተቀረጸ ሲሆን፣ ዛሬ የቼዝ ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል ያነቡታል። ጨዋታዎችዎን በፒጂኤን እስካስቀመጡ ድረስ ነገ ሰሌዳ ቢቀይሩ የሚጠፋብዎት ነገር የለም።

ሰሌዳና ኢንጂን የሚነጋገሩት በተስማሙበት ቋንቋ ነው። ዛሬ የተስፋፋው ዩሲአይ ይባላል፤ የሽሬደር ኢንጂን ደራሲ ስቴፋን ማየር-ካሌን ከሩዶልፍ ሁበር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2000 አወጣው። ከእሱ የሚቀድመው ኤክስቦርድ ከተባለው አንጋፋ ሰሌዳ ጋር ያደገው ነው። አንድን ፕሮግራም ከመጫንዎ በፊት ዩሲአይን እንደሚደግፍ ያረጋግጡ። ከደገፈ፣ ዛሬ ያለውንም ነገ የሚመጣውንም ጠንካራ ኢንጂን ሊሰኩበት ይችላሉ።

፪. ለምን እንደሚፈልጉት ይወስኑ

ሶፍትዌር ከመፈለግዎ በፊት ከሚከተሉት ውስጥ የእርስዎ ፍላጎት የቱ እንደሆነ ይለዩ።

– ማታ ማታ ከኮምፒውተር ጋር አንድ ሁለት ጨዋታ መጫወት ብቻ ከሆነ፣ ቀላል ሰሌዳ ይበቃዎታል።
– የተጫወቷቸውን ጨዋታዎች መርምሮ ስህተትን ማወቅ ከሆነ፣ የኢንጂኑን ሐሳብ መስመር በመስመር የሚያሳይ ሰሌዳ ያስፈልግዎታል።
– መክፈቻዎችን ማጥናትና ለተጋጣሚ መዘጋጀት ከሆነ፣ ዋናው መሣሪያዎ የመዝገብ ፕሮግራም ነው።
– ከሰው ጋር መጫወት ብቻ ከሆነ፣ ምንም መጫን አያስፈልግዎትም፤ ብሮውዘር ይበቃል።

ለመጨረሻው ፍላጎት ሊቼስ የተባለው ድረ ገጽ ተመራጭ ነው። ፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕሌሲ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ሲሆን፣ ማስታወቂያ የለበትም፣ የሚከፈልበት ክፍል የለውም፣ የሚተዳደረውም በተጠቃሚዎች መዋጮ ነው። ፋየርፎክስ ወይም ክሮም ባለበት ማንኛውም ሊኑክስ ላይ ይሠራል።

፫. ሰሌዳውን ይምረጡና ይጫኑ

በሊኑክስ ላይ ሶፍትዌር ለማግኘት ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው የሶፍትዌር ማዕከል ነው። በኡቡንቱ «አፕ ሴንተር»፣ በሚንት «ሶፍትዌር ማኔጀር»፣ በኬዲኢ ዴስክቶፕ «ዲስከቨር»፣ በፌዶራ «ሶፍትዌር» ይባላል። ይክፈቱትና በመፈለጊያው ላይ ቼዝ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ይጻፉ። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ እነዚህን ይመልከቱ፤ ሁሉም በየማዕከሉ ላይገኙ ይችላሉ።

ግኖም ቼስ፦ ለጀማሪና ለመዝናኛ። መስኮቱ ንጹሕ ነው፤ የተቃዋሚውን ብርታት በቀላል፣ በመካከለኛና በከባድ ይመርጣሉ። በኮምፒውተሩ ላይ የተጫኑ የታወቁ ኢንጂኖችን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። የትንተና መስኮት ግን የለውም፤ ስህተትዎን ሊነግርዎ አይችልም። የኬዲኢ ዴስክቶፕ ተጠቃሚ ከሆኑ «ናይትስ» የተባለው ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጥዎታል።

ፓይቼስ፦ ከመጫወቻነት አልፎ መማሪያም ነው። ትምህርቶችና እንቆቅልሾች አሉት፤ የኢንጂን ምክርን በሰሌዳው ላይ በቀስት ያሳያል። ከግኖም ቼስ አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ለሚፈልግ ጥሩ ነው።

ኤክስቦርድ፦ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያለ አንጋፋ ሰሌዳ ነው። በጣም ቀላል ስለሆነ ደካማ ኮምፒውተር ላይ ሳይቸገር ይሠራል። ዩሲአይ ኢንጂን ለማገናኘት ግን ፖሊግሎት የተባለ አስተርጓሚ ፕሮግራም አብሮ መጫን አለበት።

ስኪድ፦ ለቁም ነገር ጥናት። በመሠረቱ የመዝገብ ፕሮግራም ቢሆንም ሰሌዳም የኢንጂን መስኮትም አለው። መልኩ የቆየ ነው፤ አቅሙ ግን ትልቅ ነው። ከእሱ የተወለደው «ስኪድ ቨርሰስ ፒሲ» ለአጠቃቀም ይበልጥ የተመቸ ሲሆን፣ በሶፍትዌር ማዕከልዎ ካጡት ከራሱ ድረ ገጽ ይወርዳል።

ኦን ክሮሳን፦ ከአዲሶቹ ትውልድ ነው። መልኩ ዘመናዊ ነው፤ ኢንጂኖችንና የጨዋታ መዝገቦችን ከራሱ ውስጥ ያወርዳል፣ በሊቼስና በቼስ ዶት ኮም የተጫወቷቸውን ጨዋታዎችም ያስገባል። አዲስ ኮምፒውተር ያለውና በማገናኘት ሥራ መድከም የማይፈልግ ሰው ከዚህ ይጀምር።

ኪዩት ቼስ፦ ሁለት ኢንጂኖችን እርስ በርስ ማጋጠምና ማወዳደር ለሚፈልግ።

በእኔ እምነት አብዛኛው አንባቢ ሁለት ነገር ብቻ ቢጭን ይበቃዋል፤ ለመጫወት ግኖም ቼስን ወይም ፓይቼስን፣ ለማጥናት ስኪድን ወይም ኦን ክሮሳንን። አምስት ስድስት ሰሌዳ ሰብስቦ አንዱንም በደንብ አለማወቅ ጊዜ ማባከን ነው።

በተርሚናል መጫን የሚመርጥ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ። በዴቢያን፣ በኡቡንቱና በሚንት ማከማቻ ለሚገኙት ፕሮግራሞች የፓኬጁ ስም ራሱ የፕሮግራሙ ስም ነው፤ ሁሉም በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይጻፋል። ግኖም ቼስ ላይ በሁለቱ ቃላት መካከል ሰረዝ ይገባል።

፬. ኢንጂኑን ያምጡ

እዚህ ላይ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ስቶክፊሽን ይውሰዱ። ኖርዌጂያዊው ቶርድ ሮምስታድ ከጻፈው ግላውሩንግ ከተባለ ኢንጂን ተነስቶ ጣሊያናዊው ማርኮ ኮስታልባ እ.ኤ.አ. በ2008 ስቶክፊሽን አወጣ። ከ2013 ጀምሮ እያንዳንዱ የኮድ ለውጥ በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ላይ በብዙ ሺህ ጨዋታዎች ይፈተናል፤ ኢንጂኑን የሚያዳክም ለውጥ አይገባም። በ2020 የወጣው 12ኛው እትም የሰሌዳውን ሁኔታ በኒውራል ኔትወርክ መመዘን ጀመረ፤ ያም ሆኖ በተራ ፕሮሰሰር ላይ ይሠራል። ውድ ግራፊክስ ካርድ አይጠይቅም።

ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ከሶፍትዌር ማዕከሉ ወይም በተርሚናል በፓኬጅነት መጫን ነው። ቀላልና አስተማማኝ ነው። በተለይ በዴቢያን ላይ የሚገኘው እትም ከአዲሱ ወደኋላ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የቆየው ስቶክፊሽም ማንኛውንም ሰው ያሸንፋል። ለአብዛኛው አንባቢ ይህ በቂ ነው።

ሁለተኛው አዲሱን እትም ከስቶክፊሽ ድረ ገጽ ማውረድ ነው። በዚህ ጊዜ ለፕሮሰሰርዎ የሚስማማውን ፋይል መምረጥ አለብዎት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2013 በኋላ ያወጣቸው የኮር ፕሮሰሰሮችና ኤኤምዲ ራይዘን ኤቪኤክስ-2 የሚለውን ፋይል ይቀበላሉ። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገኙት ብዙዎቹ ሴሌሮንና ፔንቲየም ፕሮሰሰሮች ግን በዚያ ዘመን የተሠሩ ቢሆኑም አይቀበሉትም፤ ለእነሱ ፖፕካውንት የሚለውን ይውሰዱ። እሱም ካልሠራ ምንም ተጨማሪ ምልክት የሌለበትን መሠረታዊውን ፋይል ይሞክሩ፤ ቀርፋፋ ቢሆንም በማንኛውም ባለ 64 ቢት የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ኮምፒውተር ላይ ይነሳል።

ያወረዱትን ጥቅል ፈትተው ኢንጂኑን በቤት ፎልደርዎ ውስጥ ቋሚ ቦታ ላይ ያስቀምጡት። ከዚያ በፋይሉ ላይ በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ከፍተው፣ «ፐርሚሽንስ» ከሚለው ክፍል ፋይሉ እንደ ፕሮግራም እንዲሠራ ፈቃድ ይስጡት። ይህን ፈቃድ መርሳት ኢንጂኑ አልነሳ ከሚልባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ነው።

ኢንጂኑ መሥራቱን በተርሚናል ያረጋግጡ። ስሙን (ያወረዱት ፋይል ከሆነ ያለበትን ቦታ ጨምረው) ጽፈው ኢንተርን ይጫኑ፤ ቀጥሎ ዩሲአይ የሚሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ይጻፉ። የቅንብሮች ዝርዝር ወጥቶ መጨረሻው ላይ ዩሲአይ ኦኬ ካለ ኢንጂኑ ጤነኛ ነው። ከእንግዲህ ችግር ቢያጋጥምዎ ከሰሌዳው ነው ማለት ነው።

፭. ኢንጂኑን ከሰሌዳው ጋር ያገናኙ

ግኖም ቼስ ኢንጂኑን ራሱ ያገኘዋል፤ በሌሎቹ ግን የምናሌው ስም ቢለያይም ሥራው ተመሳሳይ ነው። «ኢንጂንስ» የሚለውን ምናሌ ይክፈቱ፣ አዲስ ጨምር የሚለውን ይምረጡ፣ የኢንጂኑን ፋይል ያሳዩት፣ ቋንቋውን ዩሲአይ ያድርጉ፣ ያስቀምጡ።

በዴቢያን፣ በኡቡንቱና በሚንት በፓኬጅ የተጫነ ኢንጂን ብዙዎች በሚጠብቁት ቦታ አይገኝም። ዩኤስአር በተባለው የሲስተም ፎልደር ውስጥ፣ ቢን በሚለው ሳይሆን ጌምስ በሚለው ንዑስ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ሰሌዳው ፋይሉን ሲጠይቅዎ በቀጥታ ወደዚያ ይሂዱ።

፮. ቅንብሩን ለኮምፒውተርዎ ይለኩ

ስቶክፊሽ ሳይነኩት አንድ የፕሮሰሰር ኮርና ለስሌቱ ማስታወሻ (ሃሽ) 16 ሜጋባይት ራም ብቻ ይጠቀማል። ይህ ለጨዋታ ይበቃል፤ ለትንተና ግን ያንሳል።

– «ትሬድስ»፦ ካሉዎት ኮሮች አንድ ይቀንሱ። ባለ አራት ኮር ከሆነ ሦስት ይስጡት፤ አንዱ ለቀሪው ሥራ ይቆይ።
– «ሃሽ»፦ 4 ጊጋባይት ራም ካለዎት 256 ሜጋባይት፣ 8 ጊጋባይት ካለዎት 1024 ሜጋባይት ይስጡት። ከዚህ በላይ መለጠጥ ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፋል።
– «መልቲ ፒቪ»፦ ሁለት ወይም ሦስት ያድርጉት። ኢንጂኑ ምርጡን እርምጃ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ያሳይዎታል። ሁለተኛው እርምጃ ከመጀመሪያው በጣም ከራቀ፣ በዚያ ቦታ ላይ የሚሠራው አንድ እርምጃ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ ከማንኛውም ቁጥር በላይ ያስተምራል።

የሚያሳየውንም ቁጥር ማንበብ ይልመዱ። ከ15.1 እትም ወዲህ ስቶክፊሽ ለአንድ ወገን 1.00 ብሎ ከሰጠ፣ በጠንካራ ኢንጂኖች ጨዋታ ያ ወገን የማሸነፍ ዕድሉ ግማሽ ያህል ነው ማለቱ ነው። ስለዚህ በ0.20ና በ0.35 መካከል ባለ ልዩነት አይጨነቁ፤ በሰው ጨዋታ ውስጥ ትርጉም የለውም።

የፍጻሜ ጨዋታ ማጥናት የሚወድ ሰው ሲዚጂ የተባሉትን ሠንጠረዦች መጨመር ይችላል። እስከ አምስት ጠጠር ላሉ ቦታዎች ሁሉ ትክክለኛውን ውጤት ይዘዋል፤ ዲስክ ላይ የሚወስዱትም 1 ጊጋባይት ገደማ ነው። የስድስት ጠጠሩ ግን 150 ጊጋባይት ያህል ስለሆነ ሰፊ ዲስክና ጥሩ ኢንተርኔት ለሌለው አይመከርም።

፯. የሚመጥንዎትን ተቃዋሚ ያዘጋጁ

ሙሉ ኃይሉን የያዘ ስቶክፊሽ የመጫወቻ ጓደኛ አይሆንም፤ በየቀኑ መሸነፍ አያስተምርም። ከቅንብሮቹ ውስጥ «ስኪል ሌቭል» ከ0 እስከ 20 ይለካል፤ ከ0 ጀምረው ሲያሸንፉ ወደ ላይ ይውጡ። በኢሎ ነጥብ መገደብም ይቻላል፤ በቅርብ እትሞች ዝቅተኛው 1320 ነው።

እንዲህ የተዳከመ ኢንጂን ግን እንደ ሰው አይሳሳትም። አሥር ምርጥ እርምጃ ተጫውቶ በድንገት ንግሥቱን በነጻ ይሰጣል። እንደ ሰው የሚጫወት ተቃዋሚ ከፈለጉ ማያን ይሞክሩ። የቶሮንቶና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከማይክሮሶፍት ሪሰርች ጋር ሆነው በሊቼስ ላይ ሰዎች የተጫወቷቸውን ጨዋታዎች አስተምረውት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረጉት ነው። ከ1100 እስከ 1900 ነጥብ ባሉ ዘጠኝ ደረጃዎች ተዘጋጅቷል፤ በየደረጃው ያሉ ሰዎች የሚሠሩትን ስህተት ይሠራል። በሊኑክስ ላይ ለማስኬድ ሊላ ቼስ ዜሮ የተባለው ኢንጂን ያስፈልጋል፤ እሱን ከምንጭ ኮዱ መገንባት ሊጠይቅ ስለሚችል ለጀማሪ አይቀልም። አጭሩ መንገድ በሊቼስ ላይ በቦትነት የሚገኘውን ማያ መጋበዝ ነው።

፰. መዝገብዎን ይገንቡ

በስኪድ አዲስ መዝገብ ይክፈቱና መጀመሪያ የራስዎን ጨዋታዎች ያስገቡ። ከሊቼስ ገጽዎ ሁሉንም በአንድ ፒጂኤን ማውረድ ይችላሉ። ቀጥሎ ሁለተኛ መዝገብ ለግራንድማስተሮች ጨዋታ ይክፈቱ። ለዚህ «ዘ ዊክ ኢን ቼስ» አለ፤ እንግሊዛዊው ማርክ ክራውዘር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የየሳምንቱን የውድድር ጨዋታዎች ሰብስቦ ያለ ክፍያ ያቀርባል። የአንድ ሳምንቱ ፋይል ትንሽ ስለሆነ በስልክ ዳታም ይወርዳል። ሊቼስ በየወሩ የሚለቀው ሙሉ ስብስብ ግን ታምቆም አሥር አሥር ጊጋባይቶችን ስለሚያልፍ ሳያስቡበት አያውርዱት።

ከዚያ በስኪድ «ትሪ» የሚለውን መስኮት ይክፈቱ። በሰሌዳው ላይ ካለው ቦታ ግራንድማስተሮች ምን ምን እንደተጫወቱና ምን ያህል እንዳሸነፉ ያሳያል። የራስዎን መዝገብ ሲያስከፍቱት ደግሞ እርስዎ የት የት ደጋግመው እንደሚሸነፉ ያሳያል። ለመክፈቻ ጥናት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

፱. ችግር ቢያጋጥም

ሰሌዳው ኢንጂኑን አያየውም፦ ሰሌዳውን ፍላትፓክ ወይም ስናፕ በተባሉት የጥቅል ዓይነቶች ጭነውት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ከቀረው ሲስተም ተከልለው ስለሚሠሩ በውጭ ያለውን ኢንጂን ላያገኙት ይችላሉ። ሰሌዳውን በተራ ፓኬጅነት እንደገና ይጫኑት።

ኢንጂኑ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፦ ለፕሮሰሰርዎ የማይስማማ ፋይል ነው የወሰዱት። በአራተኛው ደረጃ እንደተገለጸው አንድ ደረጃ የወረደውን ይሞክሩ።

ላፕቶፑ ይግላል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፦ ትሬድስን ወደ አንድ ይመልሱ፤ ትንተናው ሲያልቅ ኢንጂኑን ማቆም አይርሱ። መስኮቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ማሰቡን አያቆምም።

፲. የዊንዶውስ ፕሮግራም የግድ ካስፈለገ

ወይን የተባለው ሶፍትዌር ብዙ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ ያስኬዳል። ለቼዝ ግን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ በተለይ የምዝገባ ቁልፍ የሚጠይቁ የንግድ ፕሮግራሞች ሳይከፈቱ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በሙከራ እትም ያረጋግጡ፤ የሚገዙት ነገር በነጻ ያለዎት እንዳይሆንም ይመርምሩ። የስቶክፊሽ ደራሲዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ቼዝቤዝ የተባለውን የቼዝ ሶፍትዌር ኩባንያ በጀርመን ፍርድ ቤት ከሰው ነበር፤ ክሱ ፋት ፍሪትዝ 2 የተባለው የሚሸጥ ምርት በስቶክፊሽ ኮድ ላይ ተመሥርቶ ሳለ የነጻ ሶፍትዌር ፈቃዱን አላከበረም የሚል ነበር። በኅዳር 2022 (እ.ኤ.አ.) በስምምነት ተቋጨ። ለአንባቢ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ዋጋ የተለጠፈበት ኢንጂን ከነጻው ይበልጣል ማለት አይደለም።

ከጫኑ በኋላ

መሣሪያው የሚጠቅመው በሥርዓት ሲጠቀሙበት ነው። አንድ ጨዋታ ሲጨርሱ ኢንጂኑን ሳይከፍቱ፣ የት እንደተሳሳቱ የሚመስልዎትን በራስዎ ሐሳብ ጽፈው ያስቀምጡ። ከዚያ ኢንጂኑን ከፍተው ያስተያዩ። እርስዎ ያላዩትን እሱ ባሳየበት ቦታ ላይ ይቁሙ፤ ለምን እንደሆነ እስኪገባዎት ድረስ አይለፉት። ከሰው ጋር በሚጫወቱበት ሰዓት ደግሞ ኢንጂኑ ዝግ ይሁን፤ በጨዋታ መሐል እሱን ማማከር ማጭበርበር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ከተጠቀሱት ብዙዎቹ ኮዳቸው ክፍት የሆነ የበጎ ፈቃደኞች ሥራዎች ናቸው። ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰውም ሊያግዛቸው ይችላል፤ የምናሌዎቹን ቃላት ወደ አማርኛ መተርጎም ለማንም የተፈቀደ ነው። ቼዝ የሚወድ ልጅ «አዲስ ጨዋታ» የሚለውን በራሱ ቋንቋ አንብቦ ቢጀምር፣ እንግሊዝኛ እስኪማር መጠበቅ አይኖርበትም። ሶፍትዌሩን ጭነው ከተጠቀሙበትና ከወደዱት ይህን ሥራ ከሚጀምሩት አንዱ ይሁኑ።